ጣና ላይ የነከሰ 40 ፈረስ የጀልባ ሞተር፤ ፈትቼዋለሁ፣ ጉልበት ልጨምርለት እፈልጋለሁ

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 11፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ምክራችሁም መሬት አይይዝም ብዬ ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ባሕር ዳር ላይ አንዲት የፋይበር ጀልባ አለችን። ርዝመቷ 6 ሜትር ከ20፣ ነጂውን ጨምሮ 10 ሰው ትጭናለች። ወንድሜ እዚያው ሆኖ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ሲገኝም እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ ሰው ያመላልሳል። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር መለዋወጫ ማፈላለጉና ጋራዥ መመላለሱ የኔ ድርሻ ነው። ሞተሩ ያማሃ ኢንዱሮ 40 ነው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ፣ 703 ሲሲ።

ሰኔ ላይ ጉልበቱ ስለደከመ በአይሱዙ አስጭነን አመጣነው። አንድ ጋራዥ ሲሊንደሩን በ0.25 ሚሊ ሜትር አስፍቶ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) አስገብቶ፣ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስነስቶ አሳየኝ። ድምፁ ያምር ነበር። ሐይቁ ላይ ግን የሠራው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። በአሥረኛው ቀን እኔም ጀልባዋ ላይ ነበርኩ። ከዘጌ ሰው ሞልተን ስንመለስ፣ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት እያለ ድምፁ ቀጠነና እንደ ፉጨት ሆነ፤ ከዚያ ነክሶ በአንዴ ቀጥ አለ። ወንድሜ ገመዱን ሲስበው ንቅንቅ አልል አለ። ከክዳኑ ሥር የተቃጠለ ቀለም ሽታ ወጣ። ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን አንድ ሰዓት ሙሉ ሐይቁ መሃል ቆምን። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች፤ ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን ሞተሩ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለው ግቢያችን ተፈትቶ ካርቶን ላይ ተዘርግቷል። ወጪው ካልቀረ ብዬ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ሲሊንደሩን ወደ 0.50 ማስፋት፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) 1 ሚሊ ሜትር ማስላጥ፣ የጭስ መውጫ መስኮቱንም ወደ ላይ 2 ሚሊ ሜትር መክፈት። እንዲህ አድርጎ ከ40 ሞተር 50 ፈረስ እንዳወጣ የነገረኝ ልጅ አለ። የሠራችሁበት ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ላንጋኖ ዳር
ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ፣ ሽጠውና ባለ 60 ፎር ስትሮክ ግዛ። ቤንዚኑም ይቆጥብልሃል።

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 11፣ ማታ 3፡22

አቅማችን አይደለም። በዚያ ላይ የዚህን ሞተር እያንዳንዷን ቡሎን ወንድሜ ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳስሶ ይፈታታል። እሱን ማዳን ነው የምፈልገው።

ጋሽ ሬክቲፊካ
ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡05

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ሰው ተረፈ።

ስለ መስፋትና ስለ መላጥ ከማውራታችን በፊት ፒስተኖቹን ለብርሃን አቅርበህ እያቸው። የነከሰ ፒስተን ምን እንደነከሰው ራሱ ይናገራል። ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ተፍቆ ከሆነ ክፍተቱ ጠቦ ነው፤ ሬክቲፊካው (ሲሊንደሩን ያሰፋው ቤት) አጥብቆታል ማለት ነው። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ተፍቆ፣ በነዳጅ መግቢያው በኩል ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ወይም የነዳጅና የዘይት ማነስ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ካየህ ተኩሱ ተዛብቷል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጥና የትኛው እንደባሰ ንገረኝ።

የጭስ መስኮቱን በሞረድ የሚነካ ሰው እንዳታስጠጋ። አንዴ የተከፈተ መስኮት ተመልሶ አይዘጋም።

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 12፣ ቀን 7፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በረንዳ ላይ አውጥቼ አየኋቸው። ሁለቱም በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ነው የተፋቁት፤ በሌላው በኩል የፋብሪካው ጭረት እንኳ አልጠፋም። የታችኛው ቀለል ያለ ነው። የላይኛው ግን አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻው ላይ ተለጥፏል፤ ፋሻው ከቦይው ጋር አንድ ሆኖ በካቻቢቴ እንኳ አልላቀቅ አለኝ። ጭንቅላቱ የሁለቱም ነጣ ብሎ አመድ መስሏል። ነዳጁን የሚለኩሱት ካንዴላዎችም ነጭ ናቸው።

ጋሽ ሬክቲፊካ
ጥቅምት 12፣ ማታ 1፡50

ነጭ ካንዴላ የደረቀ ድብልቅ ነው፤ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል። ሁለቱም ላይ መታየቱ ከካርቡራቶሩ ያመለክታል። የላይኛው መባሱ ግን ሌላ ነገር ጨምሮበታል። እንዲህ ባለው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የተዘጋ የክራንክ ክፍል አለው፤ ከቮላኖው (ከላይ ካለው ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) ሥር ያለው ኦይል ሲል (አየር እንዳይገባ የሚዘጋው ላስቲክ) ካረጀ የላይኛው ብቻ አየር ይስባል። ጋራዡ ሲሉን ቀይሮታል?

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 12፣ ማታ 2፡10

አልቀየሩትም ጋሼ። አሁን በጥፍሬ ስነካው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፤ ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ ይታያል።

ሠናይት ከ5 ኪሎ
ጥቅምት 12፣ ማታ 3፡00

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ጋራዡ በርሜል ውስጥ ሲያስነሳው ካርቡራቶሩን ነክቶት ነበር? የዋናውን ጄት (ነዳጁን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ) ቁጥር አንብበህ ከማኑዋሉ ጋር አስተያየው።

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 12፣ ማታ 3፡40

እህቴ፣ አሁን በእጅ መብራት አነበብኩት። በማኑዋሉ ካለው በሦስት ደረጃ ያነሰ ጄት ነው የተገጠመው። ትዝ አለኝም፤ በርሜሉ ውስጥ መጀመሪያ ሲነሳ ጭሱ በዝቶ ይንተፋተፍ ነበር። ሜካኒኩ ነዳጅ በዝቶበታል ብሎ አንዲት ትንሽ የነሐስ ነገር ቀየረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ ያማረው።

ሠናይት ከ5 ኪሎ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2፡20

እንግዲያው ነገሩ ተገኘ ማለት ይቻላል። ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ የጀልባ ሞተር በዚሁ መንገድ ነው የሚሞተው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 79 በመቶ ይወርዳል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን እፍጋቱ ወደ 84 በመቶ ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሰጠው ነዳጅ በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ይበዛል፣ ይጨሳል። ሜካኒኩ ያየው ይህንኑ ነው፤ ያየው ነገር እውነት ነበር። ነገር ግን ጄቱን የለካው በተራራ ላይ፣ በርሜል ውስጥ፣ ምንም ጭነት በሌለበት ነው። ሞተሩ 600 ሜትር ወርዶ ወፍራም አየር ሲያገኝ ድብልቁ ደረቀ፤ 10 ሰው ተጭኖ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ነዳጅ አጣ። የላይኛው በሲሉ ተጨማሪ አየር ስቦ ቀድሞ ቀለጠ። በቱ ስትሮክ ዘይቱም ከነዳጁ ጋር ነው የሚመጣው፤ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም አነሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ያንተ 40 ፈረስ 40 የሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብለህ አስላው፤ ጣና ላይ 33 ፈረስ ገደማ ይቀርሃል። ከሞተሩ የጠፋ ነገር የለም፤ አየሩ ነው የሌለው። ቴስታታ ብታስልጥም አየር አትጨምርም። ጉልበቱን የምታስመልሰው ያለውን 33 በትክክል ወደ ውሃው በማስተላለፍ ነው። ለመሆኑ ፕሮፔለርህ ስንት ፒች ነው (በአንድ ዙር ስንት ኢንች ይገፋል)? በሙሉ ነዳጅ ስንት አርፒኤም (በደቂቃ ስንት ዙር) ይሄዳል?

የዘጌ መንገደኛ
ጥቅምት 13፣ ቀን 6፡15

ፕሮፔለሩ ላይ 13 ይላል። አርፒኤም መለኪያ ኖሮን አያውቅም።

የባሕር ዳር ጀልበኛ
ጥቅምት 13፣ ማታ 1፡30

13 ከ10 ሰው ጋር በዛ፤ እንደ መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት መውጣት ነው። እኔ በተመሳሳይ ሞተር 11 ነው የምጠቀመው። ካንዴላ ገመዱ ላይ የሚጠቀለል ትንሽ አርፒኤም ቆጣሪ አለ፤ እሱን ሳትይዝ ወደ ሐይቅ አትመለስ። የዚህ ሞተር የሙሉ ነዳጅ መጠን ከ4,500 እስከ 5,500 ነው። ከዚያ በታች እየጎተተ ከሄደ ሞተሩን እያፈንከው ነው፣ ይሞቃል።

ሌላው እምቦጭ ነው። ወንድምህ ሳይነግርህ አይቀርም፤ ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ከኋላ የሚፈሰው የውሃ ሽንት ሲቀጥን ወዲያው ማቆም ነው። የውሃ ፓምፑን ጎማ በየዓመቱ ቀይር፤ ደህና ቢመስልም ቀይር። ቴርሞስታቱንም አውጥተህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሞክረው።

መኪና ብቻ
ጥቅምት 13፣ ማታ 2፡05

ዘይት ስንት በስንት ትቀላቅላላችሁ? የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት በሁሉም ቦታ አለ፣ ያ አይበቃም?

ጋሽ ሬክቲፊካ
ጥቅምት 13፣ ማታ 2፡40

አይበቃም ልጄ። የጀልባ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል አለበት። እሱ ሲቃጠል አመድ አይተውም። የሞተር ሳይክሉ ዘይት ለበለጠ ሙቀት የተሠራ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ፋሻው ቦይ ላይና ካንዴላው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ሞተር 50 ለ 1፣ አዲስ ፒስተን ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት 25 ለ 1።

ሠናይት ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ትንሽ መላጥ ሞተሩን አይጎዳም። 0.3 ወይም 0.4 ብንልጥለትስ?

ሠናይት ከ5 ኪሎ
ጥቅምት 13፣ ማታ 3፡30

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ጣና ላይ ይችለዋል። የሚያሳስበኝ ሞተር እንደ ሰው ሀገር መቀየሩ ነው። ነገ ይህ ሞተር ለአርባ ምንጭ ቢሸጥ፣ ጫሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የገዛው ሰው ተልጦ እንደነበር አያውቅም፤ ፒስተኑ ሲበሳ ነው የሚያውቀው። የሚገኘው ጉልበት ደግሞ ጥቂት በመቶ ነው። እኔ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) እንዲቀመጥ ፊቱን ለማስተካከል ያህል ብቻ እላለሁ።

ጋሽ ሬክቲፊካ
ጥቅምት 14፣ ጠዋት 1፡00

ተቀብያለሁ። ለሚቀጥለው ባለቤትም ማሰብ ተገቢ ነው።

እንግዲህ የዘጌው ልጅ፣ ወደ ሬክቲፊካ ስትሄድ ይህን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ የ0.50 ፒስተኖቹን ግዛ፤ ሳትገዛ ሲሊንደር እንዳታስነካ። ፒስተን ሁሉ እንደተጻፈበት አይወጣም፤ እያንዳንዱ በማይክሮ ሜትር ተለክቶ ሲሊንደሩ ለእሱ ነው የሚሰፋው። ክፍተቱን ከማኑዋሉ አንብብላቸው፤ እኛ በለመድነው እንሠራለን የሚሉህ ከሆነ እቃህን ይዘህ ውጣ። የመኪና ልማድ ለቱ ስትሮክ አይሠራም።

ከተሰፋ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ሥራ አለ። መስፊያው ሲያልፍ የመስኮቶቹን ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለት ያወጣቸዋል። ፋሻው በየዙሩ በዚያ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ስለቱ ካልተሰበረ ወይ ፋሻው ይያዛል ወይ ይሰበራል። ጣትህን ወደ ውስጥ አስገብተህ ጠርዙን ዳስስ። ቆዳህን ከያዘህ አልተሠራም። በትንሽ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት፣ በእጅ፣ በትዕግሥት ይሠራል። እኔ ለአንድ ብሎክ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሰጠዋለሁ።

ሲገጠም ፒስተኑ ላይ ዩፒ የሚለው ምልክት ወደ ቮላኖው ይሁን። የፋሻው አፍ ከቦይው ውስጥ ካለችው ፒን ጋር ይገጥም። የክራንኩን ሲሎች ሁሉንም ቀይር። በመጨረሻ ካርቡራቶሩ ሳይገጠም መግቢያውንና መውጫውን በጎማና በላሜራ ድፈንና በብስክሌት ጎማ መንፊያ በትንሹ ንፋ፤ የሳሙና ውሃ ቀባና አረፋ ፈልግ። አረፋ ካለ አየር ይስባል።

የዘጌ መንገደኛ
ኅዳር 2፣ ማታ 1፡20

ሪፖርት ላቅርብ።

ፋሻና ፒስተን ፍለጋ መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት 0.50 የሚል ፒስተን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የፒኑ ቀዳዳ ከፍታ እኩል አልሆነም፤ ትቼ ወጣሁ። ትክክለኛውን በሰው በኩል አስመጣሁ፤ ሁለት ሳምንት የወሰደው እሱ ነው።

ድሮ የማውቀው ቶርኖ ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገቡ ማወቅ አልቻልኩም። በሰው ጥቆማ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ማኑዋሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ፒስተኑን በሦስት ቦታ ለኩ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ብሎኩ ላይ ጻፉ። 0.50 ሲደርሱ የላይኛው ሲሊንደር ጭረት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ጋሼ፣ ስለ መስኮቶቹ ጠርዝ ስነግራቸው ፈገግ ብለው ትንሽ ግማሽ ክብ ሞረድ ከመሳቢያ አወጡ። ለካ ቀድሞውንም ሊሠሩት ነበር። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት፤ እንደ ሸክላ ጀበና አፍ ለስልሷል።

የሳሙናው ሙከራ የታችኛው ሽፋን ላይ አንዲት አረፋ አሳየኝ። ፈትቼ ፊቱን አጽድቼ መልሼ ገጠምኩት፤ በሁለተኛው አንድም የለም።

ዛሬ ግን ደንግጫለሁ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ የሚደርስበትን ግፊት) ስለካ የላይኛው 92፣ የታችኛው 90 ፒኤስአይ ብቻ ሰጠኝ። ኢንተርኔት ላይ ከ120 በላይ ካልሆነ ሞተሩ ሞቷል ይላሉ። ምን አጠፋሁ?

ሠናይት ከ5 ኪሎ
ኅዳር 2፣ ማታ 1፡55

ምንም አላጠፋህም። 120 ያሉት ሰዎች ባሕር ጠለል ላይ ሆነው ነው የለኩት። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ያንተ 92 ባሕር ጠለል ላይ ከ120 በላይ ይሆናል። ዋናው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ካልበለጠ ጤነኛ ነው፣ ያንተ 2 በመቶ ነው። ፋሻው ሲላመድ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል።

ጄቱን ወደ ፋብሪካው መጠን መልሰው። በርሜል ውስጥ ቢጨስ፣ ቢንተፋተፍ አትንካው። የሚስተካከለው ሐይቁ ላይ ነው።

የባሕር ዳር ጀልበኛ
ኅዳር 2፣ ማታ 2፡30

ስትመጡ የሞተሩን ከፍታም ተመልከቱ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል መሆን አለባት።

የዘጌ መንገደኛ
ኅዳር 23፣ ማታ 3፡10

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እጄ ገና ዘይት ይሸታል።

በመጀመሪያው ቀን ማኑዋሉ እንደሚለው አሥር ደቂቃ በዝቅተኛው፣ ከዚያ አንድ ሰዓት እስኪሞላ ነዳጁን ከግማሽ ሳናሳልፍ፣ ሁለተኛውን ሰዓት ቀስ እያልን ነዳን። ከዚያ በኋላ ሙሉ ነዳጅ ከ5 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይፈቀዳል። ዘጠኝ ሰው ሆነን፣ ነፋሱ እንዳያሳስተን በሁለቱም አቅጣጫ፣ ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ ለካን።

በ13 ፒች ፕሮፔለር 4,200 አርፒኤም፣ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር። ለካ ስንት ዓመት ሞተሩን አፍነነው ኖረናል።

በ11 ፒች 4,600 ሆነ፤ ፍጥነቱ ወደ 29። ቀጥሎ ከፍታውን አየን፤ ክንፏ ከወለሉ 6 ሳንቲ ሜትር ወርዳ ነበር። ሞተሩን በሁለት ቀዳዳ ከፍ አድርገን አሠርነው፣ የጀልባዋንም ሆድ ከተለጠፈው አረንጓዴ ነገር ፈቅፍቀን አጠብነው። 4,900፣ በሰዓት 32። በሦስተኛው ቀን ካንዴላው ጥቁር ስለነበር ጄቱን በአንድ ደረጃ ብቻ አነስኩት፤ 5,000 ሞላ፣ ፍጥነቱ 33 ላይ ቆመ።

ማርሹን ስፈታ 26 እና 13 ጥርስ ቆጥሬ ነበር፣ 2 ለ 1 ነው። በ5,000 ፕሮፔለሩ 2,500 ዙር፣ በ11 ኢንች በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ነበረበት። 33 መሆኑ ከአምስት አንዱ በውሃው ውስጥ ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጭነት መጥፎ አይመስለኝም። በድሮው 13 ግን ከሦስት አንዱ ይባክን ነበር።

አንዲት ሚሊ ሜትር ቴስታታ አልተላጠም፣ አንድም መስኮት አልተከፈተም።

ጋሽ ሬክቲፊካ
ኅዳር 24፣ ጠዋት 12፡50

ተባረክ ልጄ። ካንዴላውን ያየኸው በምን ሁኔታ ነው? ቀስ ብለህ ወደ ወደቡ ተመልሰህ ከሆነ ያየኸው የመመለሻውን ቀለም ነው።

የዘጌ መንገደኛ
ኅዳር 24፣ ጠዋት 1፡30

አይደለም ጋሼ። በሙሉ ነዳጅ ላይ ሳለ ወንድሜ የማጥፊያውን ገመድ ነቀለ፤ እዚያው ሐይቁ ላይ ፈታናቸው። የሁለቱም ነጩ ሸክላ ጥሩ ተቆልቶ ያልከረረ ቡና ቀለም ይዟል፤ የላይኛውና የታችኛው አይለያዩም። የውሃው ሽንት ወፍራም ነው፤ እጄን አስገብቼበት ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይደለም።

ጋሽ ሬክቲፊካ
ኅዳር 24፣ ጠዋት 1፡45

ያ ነው የምፈልገው። የቴስታታውን ቡሎኖች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቅደም ተከተል አንድ ጊዜ አጥብቃቸው። 10 ሰዓት እስኪሞላ 25 ለ 1 አትልቀቅ።

የዘጌ መንገደኛ
ኅዳር 24፣ ጠዋት 2፡00

እሺ ጋሼ። እስካሁን 6 ሰዓት ከ20 ሠርቷል፤ ወንድሜ ደብተር ላይ ይጽፋል።

ላንጋኖ ዳር
ኅዳር 24፣ ቀን 6፡40

ሽጠው ያልኩህን ትቼዋለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። ያንን 13 ፒች ፕሮፔለር ትሸጥልኛለህ? የኔ ጀልባ ቀላል ናት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምጭነው።

የዘጌ መንገደኛ
ኅዳር 24፣ ቀን 7፡05

ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱ ከወንበሩ ሥር መጠባበቂያ ሆኖ ተቀምጧል። 11ዱ ድንጋይ ቢመታ እስከ ወደብ ያደርሰናል። አንተ ግን መጀመሪያ አርፒኤሙን ለካ፣ ቁጥሩን እዚህ ጻፈው፤ ስንት ፒች እንደሚበቃህ አብረን እናሰላዋለን።